የተለያዩ ሰዎችን ቀጠርን፤ ታዲያ ለምን ይለቁብናል?

ሰብሳቢዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በመሥሪያ ቤታችን ብዝኃነትን፣ ፍትሐዊነትንና አካታችነትን የሚከታተል ኮሚቴ ተቋቁሞ ሰብሳቢነቱ ለእኔ ተሰጥቷል። ኃላፊነቱን ወድጄ ነው የተቀበልኩት፤ ጉዳዩም ከልብ ያሳስበኛል።

ቅጥር ላይ ብዙ ለውጥ አይተናል። የሥራ ማስታወቂያውን በስፋት ማውጣት ከጀመርን ወዲህ ቀድሞ የማይመጡልን ሰዎች መጥተዋል፦ ሴት መሐንዲሶች፣ አካል ጉዳተኞች፣ የሥራ ቋንቋችን አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ባለሙያዎች፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሙያ የቀየሩ ሰዎች። በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩ ያምራል። ነገር ግን አብዛኞቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይለቃሉ። የሚቆዩትም በገቡበት መደብ ላይ ናቸው። በኃላፊዎች ስብሰባ ላይ የሚቀመጠው ዛሬም የድሮው ዓይነት ሰው ነው።

የበላይ ኃላፊዎቻችን ያሰቡት መፍትሔ ለሠራተኛው ሁሉ የግዴታ የአንድ ቀን ሥልጠና መስጠት፣ በየፎቁ መፈክር መስቀልና በዓመት አንድ ጊዜ የብዝኃነት ቀን ማክበር ነው። በጀቱም ለዚሁ ተይዟል። እኔ ግን ሥልጠናው ባለቀ ማግስት ሁሉም ወደ ነበረበት እንዳይመለስ እሰጋለሁ።

የሚለቁ ሠራተኞች የሚሞሉት ቅጽ አለን። ከሞላ ጎደል ሁሉም «የተሻለ ዕድል በማግኘቴ» ብለው ይጽፋሉ። ለብቻቸው ሳነጋግራቸው የሚሉት ሌላ ነው። አንዷ እንዲህ አለችኝ፦ «በስብሰባ ላይ ሐሳብ ሳቀርብ ሁሉም ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው ያንኑ ሲደግመው ጥሩ ሐሳብ ነው ተብሎ በእሱ ስም ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ።»

በዚህ ላይ የሠራችሁበት ሰዎች ከየት ብንጀምር እንደሚሻል ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

በሰው ሀብት የኖረ

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ በጀቱ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅዎም መልካም ነው።

ስለ ግዴታ ሥልጠና የታወቀ ጥናት አለ። ፍራንክ ዶቢን እና አሌክሳንድራ ካሌቭ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁራን በመቶዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የብዙ ዓመታት የሠራተኛ መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2016 ግኝታቸውን አሳትመዋል። የግዴታ ሥልጠና የኃላፊዎችን ስብጥር እምብዛም አልለወጠም፤ ለአንዳንድ ወገኖች እንዲያውም ቁጥራቸው ሲያሽቆለቁል ታይቷል። ሰው ተገድዶ ተቀምጦ «አድልዎ አለብህ» ሲባል ልቡ ይሸፍታል። የተሻለ ውጤት የታየው ለጉዳዩ በስም ተጠያቂ የሆነ ሰው ወይም ከየክፍሉ የተውጣጣ ግብረ ኃይል በነበራቸው፣ እንዲሁም አዳዲስ ሠራተኞችን ከነባር ኃላፊዎች ጋር በመካሪነት ባጣመሩ ኩባንያዎች ዘንድ ነው።

ስለዚህ የሰውን ልብ ለመለወጥ ከመነሣትዎ በፊት ውሳኔ የሚሰጥባቸውን ቦታዎች ይለዩ። ማን ይቀጠራል? በስንት ደመወዝ ይጀምራል? የሚያስመሰግነው ሥራ ለማን ይሰጣል? የአፈጻጸም ነጥብ በምን ይሞላል? ማን ያድጋል፤ ሠራተኛ ሲቀነስስ ማን ይወጣል? ለእያንዳንዱ የተጻፈ መስፈርት መኖሩን ያጣሩ። መስፈርት በሌለበት ቦታ የሚወስነው የኃላፊው ስሜት ነው፤ ስሜት ደግሞ የለመደውን ሰው ይመርጣል።

ቃለ መጠይቅን እንውሰድ። ሦስት ጠያቂዎች ተቀምጠዋል። አንደኛውን አመልካች ስለ ሥራ ልምዱ፣ ሁለተኛውን ስለ ትምህርቱ፣ ሦስተኛዋን ደግሞ ልጆች እንዳሏት ይጠይቃሉ። አመልካቹ ወጥቶ በሩ እንደተዘጋ በሥልጣን የሚበልጠው ጠያቂ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «ደስ የሚል ልጅ ነው፤ ከእኛ ጋር ይግባባል» ይላል። ገና ነጥብ እየሞሉ የነበሩት ሁለቱ የጻፉትን በላጲስ አጥፍተው ከፍ ያደርጉለታል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ከጠያቂዎቹም መካከል ክፉ ሰው አልነበረም።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ለአንድ መደብ የሚወዳደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይጠየቁ። ጥሩ፣ መካከለኛና ደካማ መልስ ምን እንደሚመስል ቀድሞ ይጻፍ። እያንዳንዱ ጠያቂ ነጥቡን ሞልቶ፣ ፈርሞ ካስረከበ በኋላ ብቻ ውይይት ይከፈት። የሥነ ልቦና ምሁሩ ፖል ሳኬት እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 የቀደሙትን ጥናቶች አሰባስበው ሲገመግሙ፣ አንድ አመልካች ወደፊት ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ በመተንበይ ከሌሎቹ የምርጫ ዘዴዎች ፊት የወጣው ይኸው የተደራጀ ቃለ መጠይቅ ነበር። አድልዎን የሚቀንሰው ዘዴ ጥሩ ሠራተኛ የሚያስመርጠውም ነው ማለት ነው።

ይህን የምለው ሥልጠና ጨርሶ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ጠያቂዎች በአዲሱ ቅጽ እንዴት እንደሚሠሩ ይሠልጥኑ። እሱ ሥራ ነው፤ መፈክር አይደለም።

የጥራት ተቆጣጣሪ

በቅንነት የሚነሣ ተቃውሞ አለኝ። እኔ ሰውን የምመዝነው በሥራው ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያስፈራኝ ነገር ቢኖር መሥሪያ ቤቶች ቁጥር ለማሟላት ሲሉ መስፈርቱን ዝቅ ማድረጋቸው ነው። እንዲህ ሲሆን የሚጎዳው በችሎታው የገባው ሰው ጭምር ነው፤ «በኮታ ነው የመጣው» የሚለው ሐሜት ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ስምን፣ ጾታንና ዕድሜን ከማመልከቻው ላይ ሸፍኖ በብቃት ብቻ ማወዳደር አይሻልም? አሜሪካን ተመልከቱ፤ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ሥልጣን በያዙበት ዕለት በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያሉት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች እንዲዘጉ ትእዛዝ ፈርመዋል። ተቃውሞው ያለ ምክንያት የተነሣ አይመስለኝም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጠበቃ

ለጥራት ተቆጣጣሪው ልመልስ፤ ጥያቄው ቁም ነገር ያለው ነውና በአጭሩ ማለፍ አልፈልግም።

ስም መሸፈን የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ማሪያን በርትራንድ እና ሴንዲል ሙላይናታን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ወደ 5,000 የሚጠጉ የተዘጋጁ ማመልከቻዎችን ለቀጣሪዎች ልከው እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት አለ። ማመልከቻዎቹ በብቃት እኩል ሆነው ሳለ የነጭ ስም የተጻፈባቸው የጥቁር ስም ከተጻፈባቸው 50 በመቶ ያህል የበለጠ የስልክ ጥሪ አግኝተዋል። አመልካቾቹን የለየው ስም ብቻ ነበር። ነገር ግን በፈረንሳይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ሙከራ ተቃራኒውን አሳይቷል፤ ስም ሲሸፈን የስደተኛ ልጆች ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድላቸው ቀነሰ። በሙከራው በፈቃዳቸው የገቡት ኩባንያዎች ቀድሞውንም ለእነዚህ አመልካቾች በጎ አመለካከት የነበራቸው ስለነበሩ፣ መጋረጃው የአመልካቹን ታሪክ ከግምት እንዳያስገቡ ከለከላቸው። ስለዚህ መሸፈን መሣሪያ ነው፤ የት እንደሚሠራ አይቶ መጠቀም ይገባል። ሰውየው ከተቀጠረ በኋላ ደግሞ ስሙንም መልኩንም መሸፈን አይቻልም፤ የሰብሳቢዋ ችግር ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

«በብቃት ብቻ» የሚለው ሐሳብ የሚፈተነው መስፈርቱ ራሱ ሲመረመር ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ በሰሜን ካሮላይና ዱክ ፓወር የተባለ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነበር። ጥቁር ሠራተኞችን ዝቅተኛ ደመወዝ በሚከፈልበት የጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ያሠራ ነበር። በቅጥር ማዳላትን የሚከለክለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1965 በሥራ ላይ ሲውል፣ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ለመግባት የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማና የጽሑፍ ፈተና ያስፈልጋል አለ። መስፈርቱ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነው። ሆኖም ቀደም ሲል ያለ ዲፕሎማ የገቡ ነጭ ሠራተኞች ያንኑ ሥራ በሚገባ እየሠሩ፣ ዕድገትም እያገኙ ነበር። አሥራ ሦስት ጥቁር ሠራተኞች ከሰሱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 በአንዱ ከሳሽ ስም ግሪግስ ተብሎ በሚታወቀው መዝገብ ያለ ልዩነት ለእነሱ ፈረደ። አሠሪው ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ፣ አንድን ወገን በብዛት የሚያስቀርና ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው መስፈርት አይፈቀድም ማለት ነው። መስፈርት ከፍ ይበል፤ ግን ሥራው የሚጠይቀው ይሁን።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 111 የእርስዎንም ስጋት ያስተናግዳል። በዘር፣ በቀለም፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በብሔራዊ ወይም በማኅበራዊ መገኛ የሚደረግን ልዩነት ይከለክላል፤ ሥራው በባሕርዩ በሚጠይቀው ብቃት የሚደረግን ምርጫ ግን አድልዎ አይለውም። አሜሪካ ውስጥ የተፈረመው ትእዛዝም የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ አልሻረም። በቅጥር ማዳላት ትናንትም ዛሬም የተከለከለ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው የቃለ መጠይቅ ቅጽ ደግሞ ለማንም ቅድሚያ አይሰጥም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኮሚቴዎች በብዛት ይስቱታል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተወሰነ የጄኔራል ሞተርስ መዝገብ አለ። ኩባንያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴቶችን አልቀጠረም፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ «በኋላ የገባ በፊት ይውጣ» በሚለው ደንብ ከ1970 ወዲህ የገቡትን ጥቁር ሴቶች ሁሉ ቀነሰ። አምስት ሴቶች ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ከ1964 በፊትም ሴቶች ይቀጥር ስለነበር የጾታ አድልዎ የለም አለ፤ እነዚያ ሴቶች ግን ነጮች ነበሩ። የዘሩን ክስ ደግሞ በዚያው ኩባንያ ላይ ስለ ዘር አድልዎ ከተከፈተ ሌላ መዝገብ ጋር አዋህዱት አላቸው። ሁለቱን አንድ ላይ አይቶ ለመዳኘት አልፈቀደም። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ እ.ኤ.አ. በ1989 በጻፈችው ጽሑፍ ላይ ይህን መዝገብ አንሥታ የመረመረችው ለዚህ ነው። ሰብሳቢዋ ሆይ፣ መረጃ ሲያዩ «ሴቶች ስንት ናቸው፣ አካል ጉዳተኞች ስንት ናቸው» ብለው ለየብቻ ብቻ አይቁጠሩ። አካል ጉዳተኛ ሴቶች የት እንዳሉም ይዩ።

የስክሪን አንባቢ ተጠቃሚ

ማየት የተሳነኝ ፕሮግራመር ነኝ። ጠበቃው ስለ መስፈርት ተናግረዋል፤ እኔ በሩ ከተከፈተ በኋላ ስለሚሆነው ልናገር።

በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ስጀምር የቅጥር ውሉ በኢሜይል ተላከልኝ። ወረቀቱ በስካነር ተነሥቶ እንደ ፎቶ ስለተቀመጠ፣ ስከፍተው ስክሪን አንባቢዬ፣ ማለትም በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ «ባዶ» አለኝ። ያልተነበበልኝን ውል ፈርም ተባልኩ። ቀጥሎ የፈቃድ መጠየቂያው ሲስተም መጣ። ቁልፎቹ ላይ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ ስላልተቀመጠ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር የምሰማው «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» የሚል ብቻ ነው። የትኛው «ላክ»፣ የትኛው «ሰርዝ» እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ የሕመም ፈቃድ በፈለግሁ ቁጥር ጎኔ የተቀመጠውን ባልደረባ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ምን እንዳመመኝም እሱ ይሞላልኛል። ሌላው ሠራተኛ ሕመሙን ለሐኪሙና ለአለቃው ብቻ ይናገራል። እኔ ግን ምስጢር እንዳይኖረኝ ሆንኩ።

ያን ሁሉ ማስተካከል የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ስም መጻፍ በኮድ ውስጥ አንድ መስመር መጨመር ነው። እኔ ራሴ ላስተካክለው ብዬ ብጠይቅም «ሲስተሙ የተገዛ ስለሆነ አይነካም» ተባልኩ።

ከዚህ የባሰው ግን ደግነቱ ነበር። የቅርብ አለቃዬ ጥሩ ሰው ነው። አስቸጋሪ ፕሮጀክት ሲመጣ «አንተን እንዳናደክምህ» ብሎ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። የዓመቱ ምዘና ሲደርስ ደግሞ «ከባድ ሥራ ላይ አልታየህም» ይባላል። ደረጃዬም ባለበት ይቆማል። ሁለቱንም የሚለው ያው ሰው ነው፤ ሁለቱን ግን አያገናኛቸውም።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ ሲሆን አንቀጽ 27 ስለ ሥራ ነው። ስምምነቱ በአንቀጽ 2 ላይ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም ሰውየው ከሌሎች እኩል እንዲሠራ የሚያስችለውን ተገቢ ማስተካከያ፣ መከልከል ራሱ አድልዎ መሆኑን ይደነግጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከፍተኛ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገልጻል። ስለዚህ «እስኪመጡ እንጠብቅ» አይሠራም፤ ቤታችሁ ውስጥ አሉ፣ ብዙዎቹም አይናገሩም። ወጪውንም አታግዝፉት። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊው ማይክል ከራን እ.ኤ.አ. በ2006 ነው የጀመረው።

ሰብሳቢዋን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ በግዥ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ያስገቡ። መሥሪያ ቤቱ የሚገዛው ማንኛውም ሶፍትዌር ደብሊው ሦስት ሲ የተባለው ድርጅት ያወጣውን የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ያሟላ፤ ከመረከባችሁም በፊት ስክሪን አንባቢ የሚጠቀም ሰው ይሞክረው። ከተገዛ በኋላ ማስተካከል ነው ውድ የሚሆነው።

አነስተኛ ድርጅት አለኝ

ይህ ሁሉ ለትልልቅ ተቋማት ነው። እኛ የሰው ሀብት ክፍል እንኳ የለንም። ምን እናድርግ?

በሰው ሀብት የኖረ

ለእርስዎ ይቀልልዎታል። የተጻፈ የጥያቄ ዝርዝር፣ የተጻፈ የደመወዝ መነሻና ጣሪያ ለእያንዳንዱ መደብ፣ አንድ ሰው በባለቤቱ ላይ ቅሬታ ቢኖረው የሚሄድበት ሌላ ሰው። እነዚህ ሦስቱ ወረቀትና ቁርጠኝነት እንጂ ገንዘብ አይፈልጉም።

ሰብሳቢዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የስክሪን አንባቢ ተጠቃሚውን መልእክት ለኮሚቴው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የእኛ የፈቃድ ሲስተምም እንደዚያው መሆኑን አንድ ባልደረባችን እዚያው አጣርቶ ነገረን።

የሥራ ድልድሉንም ተመለከትን። ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የሽኝት ዝግጅት፣ አዲስ ሠራተኛ ማስተዋወቅ፣ የጠፋ ሰነድ መፈለግ፦ እነዚህን በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። በምዘና ቅጹ ላይ ግን ቦታ የላቸውም። ለዕድገት የሚያበቃው ከደንበኛ ጋር የሚያገናኘው ፕሮጀክት ነው፤ እሱም የሚሰጠው አለቃ በቃል «አንተ ያዘው» ሲል ነው። በሰው ሀብት የኖሩት ሰው ያሉት የተጻፈ መስፈርት እዚህ ላይ ጨርሶ የለም።

አሁን የከበደኝ ደመወዝ ነው። የመነሻ ደመወዝ በድርድር ስለሚወሰን በአንድ መደብ ላይ ያሉ ሰዎች የሚያገኙት ይለያያል። ኃላፊዎቹ ፋይሉን ለመክፈት ፈርተዋል።

ደመወዝ ክፍል

ፍርሃታቸውን አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ፋይሉ ሲከፈት ልዩነት ይገኛል፤ ልዩነቱ ግን ባይከፈትም አለ፣ በየዓመቱም በመቶኛ ጭማሪ ይሰፋል። በ10 ሺህ የጀመረና በ12 ሺህ የጀመረ ሁለት ሰዎች በየዓመቱ እኩል 5 በመቶ ቢጨመርላቸው፣ የ2 ሺህ ልዩነታቸው ከአሥር ዓመት በኋላ ከ3,200 ይበልጣል። ማንም በዚያ ጊዜ ውስጥ ያደላ የለም፤ መነሻው ላይ የተደረገው ድርድር ብቻ ነው እየተባዛ የሄደው።

ድርድሩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «የበፊት ደመወዝህ ስንት ነበር?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ቀድሞ በሠራበት ቦታ የተበደለ ሰው በደሉን ይዞ ወደ እናንተ ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደመወዝ ግልጽነት መመሪያ ይህን ጥያቄ ከልክሏል፤ አመልካቹም የመደቡን የደመወዝ መነሻ ወይም ወሰን እንዲያውቅ አዟል። ሕጉ በእናንተ ላይ ባይጸናም ልማዱን መውሰድ ይቻላል። በማስታወቂያው ላይ መነሻና ጣሪያ ይጻፍ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 100 የሚለው እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ ነው። የሁለት ሰዎች ሥራ አንድ ዓይነት ባይሆንም፣ የሚጠይቀው ችሎታ፣ ድካም፣ ኃላፊነትና የሥራ ሁኔታ ተመዝኖ እኩል ከሆነ ክፍያው እኩል ይሁን ነው። እንግሊዝ ውስጥ በዳገናም የፎርድ ፋብሪካ የመኪና መቀመጫ ጨርቅ የሚሰፉ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራ ያቆሙት በዚህ የተነሣ ነው። ስፌታቸው ሙያ እንደማይጠይቅ ሥራ ተመድቦ ነበር። አድማው የ1970ውን የእኩል ክፍያ ሕግ ካመጡት ምክንያቶች አንዱ ሆነ፤ ሴቶቹ ግን የጠየቁትን የሙያተኛ ደረጃ ያገኙት በ1984 ዳግመኛ አድማ ከመቱ በኋላ ነው። ደረጃ የሚያወጣው ሰው ሥራውን ሳያየው በሠሪው ሲገምተው ይህን ያህል ይዘገያል።

ስለዚህ የመደቦቻችሁን ደረጃ ያወጣውን ሰነድ ፈልጋችሁ አንብቡ። ከባድ ዕቃ ማንሣት ነጥብ ተሰጥቶት ቀኑን ሙሉ የተቆጣ ደንበኛ ማረጋጋት ምንም ነጥብ ካልተሰጠው፣ ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች እኩል እንደሚከፍሉ በምርመራ አረጋግጠው የምስክር ወረቀት እንዲይዙ አስገደደች። እኩል አለመክፈሉን ሠራተኛው ያረጋግጥ የነበረውን፣ እኩል መክፈሉን አሠሪው ያሳይ ብሎ ሸክሙን አዞረው። ለኃላፊዎቻችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ዝቅ ያለውን ከፍ ማድረግ እንጂ የማንንም ደመወዝ መቀነስ እንደማያስፈልግም ጨምሩበት።

የጥራት ተቆጣጣሪ

የግሪግስ መዝገብ አሳማኝ ነው። በእኔ ክፍልም «አምስት ዓመት ልምድ» የሚል መስፈርት አለ፤ ለምን አምስት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። በኮታ ላይ ያለኝ አቋም ግን አልተለወጠም። በተጨማሪም ነባሩ ሠራተኛ «እኔ ምን በደልኩ?» ሲል ምን ይመለስለታል?

በሰው ሀብት የኖረ

በኮታ ላይ ከሁለቱም ወገን የሚነገረው ይጋነናል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ የአክሲዮን ኩባንያዎች ቦርድ ቢያንስ 40 በመቶ ከእያንዳንዱ ጾታ እንዲሆን አዘዘች። በ2019 የታተመ ጥናት ሲያየው፣ አዲስ የተሾሙት ሴቶች ከእነሱ በፊት ከነበሩት ሴት የቦርድ አባላት በብቃት የሚበልጡ ነበሩ፤ የእርስዎ ስጋት እዚያ አልደረሰም። ነገር ግን ከቦርዱ በታች ላሉት ሌሎች ሴቶች የተረፈ ጥቅም አልታየም። ኮታው የቦርዱን ወንበር ለሴቶች አስገኘ፤ ከታች ወደዚያ የሚያወጣው መሰላል ግን አልተነካም። ሰብሳቢዋ እየሠሩ ያሉት መሰላሉን ነው።

ነባሩ ሠራተኛ ለጠየቀው ግን ትክክለኛ መልስ ይገባዋል። እሱም ለዕድገት ምን እንደሚጠበቅበት የተጻፈ ነገር አይቶ አያውቅም። አለቃው የማይወደው ከሆነ እሱም ያው በር ላይ ይቆማል። መስፈርቱ ሲጻፍ የሚጠቀመው ሰው ከታሰበው ይበልጣል፤ ይህን በግልጽ፣ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ፣ ከነቅጹ አሳዩት።

ስለ ቅሬታ አንድ ቃል። ቅሬታ ሰሚው የቅርብ አለቃ ከሆነ ቅሬታ የለም ማለት ነው። ቢያንስ ሁለት መንገድ ይኑር፣ አንዱ ከክፍሉ ውጭ። ያመለከተው ሰው ከዚያ ወዲህ ሥራው፣ ነጥቡና ፈረቃው እንዴት እንደሆነ በየጊዜው ይታይ፤ በቀል ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው።

መረጃ ስትሰበስቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ አካል ጉዳተኛ ብቻ ካለ «የአካል ጉዳተኞች እርካታ በክፍል» የሚል ሠንጠረዥ ያን ሰው በስም እንደ መጥራት ነው። ጥቂት ሰዎች ያሉባቸውን ክፍሎች አንድ ላይ አዋህዱ፤ መጠይቁን መሙላትም በፈቃድ ይሁን።

የስክሪን አንባቢ ተጠቃሚ

በስብሰባ ላይ ሐሳቧ ስለተወሰደባት ሠራተኛ ማንም አላነሣም። ቀላል ልማድ አለ፤ አሁን በምሠራበት ቡድን እንጠቀምበታለን። ሐሳቦች ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ፣ ከነባለቤታቸው ስም ይላካሉ፤ ስብሰባው የሚጀምረው እነሱን በማንበብ ነው። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ በሌላ ቋንቋ የሚያስብ፣ በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚከታተል ሰው ሁሉ እኩል ይደርሰዋል። ቃለ ጉባኤውም በተራ ይያዛል፤ ተራው አለቃውንም ይጨምራል።

ሰብሳቢዋ

ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ የሚከተለውን ለኃላፊዎች ለማቅረብ ወስኗል። ለአንድ ቀን ሥልጠናና ለመፈክሩ የተያዘው በጀት የፈቃድ ሲስተሙን ለማስተካከልና የደመወዝ ፋይሉን በባለሙያ ለማስመርመር ይዙር። የደንበኛ ፕሮጀክቶች ድልድል በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይሁን፤ በየሩብ ዓመቱም ኮሚቴው ይየው። የቃለ መጠይቅ ቅጹ በሚቀጥለው ቅጥር ይሞከር። የብዝኃነት ቀን የሚለውን ለጊዜው ትተነዋል። አንዱ ኃላፊ እንደማይቀበለው ከወዲሁ ነግሮኛል፤ ቢሆንም አቀርበዋለሁ።

የጥራት ተቆጣጣሪውን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የነጥብ መስጫ መመሪያውን ረቂቅ ብልክልዎ ይመለከቱልኛል? ከሚስማሙን ሰዎች ይልቅ እርስዎ ቢያዩት ይሻለኛል።

የጥራት ተቆጣጣሪ

በደስታ፤ ይላኩልኝ። ከሥራ ዝርዝሩ ጋር አብረው ይላኩት፤ ያለዚያ መስፈርቱን ከምን ጋር እንደማመሳክረው አላውቅም። ሥራውን የማይነካ መስፈርት ካገኘሁ በቀይ አሰምርበታለሁ። ለማንም ሲባል ዝቅ የተደረገ ነጥብ ካገኘሁም እንዲሁ አደርጋለሁ።